ለፍላይት ሲሙሌተር 2024 ኮምፒውተር ሲገዛ፦ ብዙ ኮር ወይስ ሰፊ ካሽ?

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ላይ ከፍ ብላችሁ ባዶ በረሃ ስታቋርጡ መካከለኛ ኮምፒውተርም ይበቃል። የሚፈትነው ትልቅ ከተማ አጠገብ ማረፍ ነው። ሕንፃው፣ የሌሎች አውሮፕላኖች ትራፊክ፣ የኮክፒቱ ስክሪኖች ሁሉ አንድ ላይ ሲመጡ ምስሉ መንተፋተፍ ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ ግራፊክስ ካርዱን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው። ጌሙ ከ2020ው እትም በተሻለ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች ሥራ ያከፋፍላል፤ ቢሆንም ከባዱ ስሌት አሁንም አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የስሌት ክፍሎች አንዱ) ላይ ይወድቃል፣ የቀሩት ደግሞ እሱን ይጠብቃሉ።

ሁለት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን እንያቸው። የኢንቴል ኮር አይ7-14700ኬ 20 ኮርና 33 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው፤ ሲጨነቅ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ብቻ ነው፤ ካሹ ግን 96 ሜጋባይት፣ የተመደበለት ኃይል 120 ዋት። 20 ኮር የሚለው ቁጥር ያማልላል። ለዚህ ጌም ግን እኔ ያለምንም ማመንታት ሁለተኛውን እገዛለሁ፤ ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን ዳታ ራም ድረስ ሳይሄድ እዚያው ካሹ ውስጥ ስለሚያገኘው፣ መንተፋተፉ በግልጽ ይቀንሳል። ማቀዝቀዣውም ሆነ ፓወር ሰፕላዩ ይቀልለታል። ቪዲዮ ኤዲቲንግም እንጀራችሁ ከሆነ ግን የኢንቴሉ ብዙ ኮር ገንዘቡን ያወጣል።

ያገለገለ ኢንቴል ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። በ13ኛውና 14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ቺፖች ላይ ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ችግር ታይቶ፣ በ2024 ኩባንያው ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። የባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን ቺፕ አያድንም። ኤኤም4 (የቀድሞው የኤኤምዲ ሶኬት) ማዘርቦርድ ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም መቀየር አይጠበቅባችሁም፤ ባዮሱን አሻሽላችሁ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ብትተኩበት፣ ያው 96 ሜጋባይት ካሽ በዲዲአር4 ራማችሁ ይሠራል።

ግራፊክስ ካርድ ላይ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ቺፑ አንድ ሆኖ በ8 እና በ16 ጊጋባይት ሜሞሪ ወጥቷል። በ1080ፒ ስክሪን፣ በመካከለኛ ሴቲንግ 8ቱ ያስኬዳል። በ1440ፒ ሴቲንጉን ከፍ ስታደርጉ ግን የካርዱ ሜሞሪ ይሞላና ምስሉ ይይዛል፣ ይለቃል። ማይክሮሶፍት ራሱ 8ን የሚመከር፣ 12ን ተመራጭ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ፍሬም ጀነሬሽን (ካርዱ በምስሎች መካከል ተጨማሪ ምስል የሚፈጥርበት ዘዴ) እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ አውሮፕላን እንደ ተኩስ ጌም ፈጣን ምላሽ ስለማይጠይቅ ትንሿ መዘግየት አታስቸግርም።

ራም 32 ጊጋባይት፣ በሁለት ባለ16 ሆኖ ይሁን። 16 ዝቅተኛው ነው።

ኮምፒውተር አላችሁ? እንግዲያው ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የጌሙን ዴቬሎፐር ሞድ ከፍታችሁ የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ሰሌዳውን ተመልከቱ። «ሜን ትሬድ» ካለ ፕሮሰሰሩን፣ «ጂፒዩ» ካለ ካርዱን ቀይሩ።

ኢንተርኔቱም እንደ ዕቃ ይቆጠር፤ ጌሙ መሬቱን የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነውና። ዝቅተኛው 10፣ የሚመከረው 50 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ወይም ዳታ በጥቅል የምትገዙ ከሆነ ሌላውን የበረራ ጌም ኤክስ-ፕሌን 12ን አስቡት። መልክዓ ምድሩን አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ትበራላችሁ፤ በማክና በሊኑክስም ይሠራል። እሱም ፈጣን ኮር ስለሚወድ የፕሮሰሰር ምርጫችሁ አይቀየርም።