ጂኦጀብራ በአንድ ፕሮጀክተር፦ ከሒሳብ መምህር የቀረበ ግምገማ

የኳድራቲክ ፋንክሽንን ግራፍ በጠመኔ የሚያስተምር መምህር ችግሩን ያውቀዋል። የእሴት ሰንጠረዡ ተሞልቶ፣ ነጥቦቹ ተቀምጠው፣ ኩርባው እስኪሣል ድረስ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያልፋል፤ ሁለተኛውን ግራፍ ሥሎ ከመጀመሪያው ጋር ለማነጻጸር ሲታሰብ ደግሞ ደወሉ ይደወላል። ጂኦጀብራ የተባለውን ሶፍትዌር ወደ ክፍል ይዤ የገባሁት ይህችን ጊዜ ለማትረፍ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሶፍትዌሩ የምጽፈው ግራፍ በፍጥነት ስለሚሥል አይደለም፤ ተማሪን አስቀድሞ እንዲገምትና ግምቱን በዓይኑ እንዲፈትሽ ስለሚያደርግ ነው።

ሶፍትዌሩን ማርከስ ሆሄንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪው ማሟያነት ጀመረው። ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት በነፃ ይገኛል። ጂኦሜትሪን፣ አልጀብራንና ካልኩለስን በአንድ መስኮት ያገናኛል፤ በአንድ በኩል ቀመሩ፣ በሌላ በኩል ሥዕሉ ይታያል፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም አብሮ ይለወጣል።

ይበልጥ ያረካኝን ትምህርት በዝርዝር ልግለጽ። «ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ» ብለን ስናስገባ ለሦስቱ ፊደላት ተንሸራታች አሞሌዎች ይዘጋጃሉ። «ኤ» ከዜሮ በላይ ሆኖ ሲጨምር ፓራቦላው (የኳድራቲክ ፋንክሽኑ ኩርባ) እንደሚጠብ፣ «ሲ» ሲጨምር ደግሞ ወደ ላይ እንደሚወጣ ተማሪዎች ሳይቸገሩ ይናገራሉ። «ቢ» ሲለወጥ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ «ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል» ይላሉ። መልሳቸውን በደብተራቸው ካስጻፍሁ በኋላ «ኤ»ን 1፣ «ሲ»ን 3 አድርጌ «ቢ»ን አንቀሳቅሳለሁ። ፓራቦላው ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፤ ከ«ኤክስ ዜሮ፣ ዋይ 3» ነጥብ ሳይላቀቅ ጫፉ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጫፉ ዱካውን እንዲተው ሲታዘዝ ደግሞ የተገለበጠ ሌላ ፓራቦላ ይሣላል፤ እርሱም «3 ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር» ነው። ክፍሉ በአንድ ጊዜ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ሰሌዳው እመለሳለሁ፤ ካሬ በማሟላት (ቀመሩን የአንድ ካሬና የቋሚ ቁጥር ድምር አድርጎ በመጻፍ) የጫፉን መጋጠሚያ አውጥተን ምክንያቱን አብረን እንደርስበታለን። በተለመደው አካሄድ ካሬ ማሟላት ለፈተና የሚሸመደድ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን ራሳቸው ላነሡት ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ቴክኖሎጂን ከሒሳብ ትምህርት ጋር ማጣመር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ በዚያ የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው ስክሪኑ ለጥያቄ የማይቆም መሆኑን ነው። ጂኦጀብራ የሚቆመውም የሚሄደውም በመምህሩ እጅ ነው። በዚያው ልክ ግን መምህሩ ሳይጠይቅና ሳያስገምት አሞሌውን ዝም ብሎ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ስክሪኑ ትንሽ ፕላዝማ ከመሆን አያልፍም።

ለ12ኛ ክፍል ኢንቴግራል (በግራፍ ሥር ያለን ስፋት ለማስላት) ያለው ጥቅምም ትልቅ ነው። ከ0 እስከ 1 ባለው የኤክስ ስኩዌር ግራፍ ሥር ያለውን ስፋት በ10 አራት ማዕዘኖች ስንከፍለው የታችኛው ድምር (ከግራፉ በታች የሚቀሩት አራት ማዕዘኖች ስፋት) 0.285፣ የላይኛው (ከግራፉ በላይ የሚያልፉት) 0.385 ይሆናል። ቁጥሩን ወደ 100 ስናሳድገው 0.32835 እና 0.33835 እናገኛለን፤ ሁለቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ሲጠጋጉ በዓይን ይታያል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ ካልታዘዘ በስተቀር ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ፣ «መልሱ 0.33 ነው» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች ይኖራሉ። የአሃዙን ቁጥር ከትምህርቱ በፊት ማሳደግ ይገባል።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። የ30 ዲግሪን ሳይን ለማግኘት የዲግሪ ምልክቱን ሳያስገባ 30 ብቻ የጻፈ ተማሪ፣ ሶፍትዌሩ በራዲያን (ከዲግሪ ሌላ በሆነው የማዕዘን መለኪያ) ስለሚያሰላ፣ 0.5 ሳይሆን −0.99 ያገኛል። ከዚህ የባሰው የሊሚት (ኤክስ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ ፋንክሽኑ የሚጠጋው ዋጋ) ጉዳይ ነው፦ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4» ለ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሲካፈል፣ ግራፉ ምንም ቀዳዳ የሌለው ቀጥ ያለ መስመር መስሎ ይታያል፤ በ2 ላይ ፋንክሽኑ ዋጋ እንደሌለው የሚገለጸው ዋጋው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ዓይኑን ብቻ ያመነ ተማሪ በዚህ ይሳሳታል። እኔ ይህን ጉድለት ሆን ብዬ ለማስተማሪያ እጠቀምበታለሁ፤ ሳይታሰብበት ከተገባ ግን የተሳሳተ ግንዛቤ ይተክላል።

ስለ አጫጫኑ ጥቂት ልበል። ክላሲክ 5 የተባለው እትም ኢንተርኔት ሳይኖር በአሮጌ ኮምፒውተርም ስለሚሠራ በፍላሽ አባዝቶ ለመጫን ይመቻል፤ ክላሲክ 6 መልኩ ያማረ ቢሆንም በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይከብዳል። በስልክ የሚጫነው የግራፍ ካልኩሌተርም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነገር ግን በጠባቡ ስክሪን ላይ ቁልፎቹና ግራፉ ቦታ ይሻማሉ። ለግራፍ ብቻ ከተፈለገ ዴስሞስ የተባለው ሌላ የግራፍ መሣያ ለጀማሪ ይቀላል፤ ጂኦሜትሪን ከአልጀብራ ጋር ለማገናኘት ግን ጂኦጀብራን እመርጣለሁ።

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ፕሮጀክተሩና መብራቱ ግን አይደሉም። በትምህርት ቤታችን ያለውን አንድ ፕሮጀክተር ተራ ይዘን እንጠቀማለን። መብራት በሚጠፋበት ቀን በጠመኔ አስተምሬ የዕለቱን ፋይል ማታ ለተማሪዎቼ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ስልክ ያለው ከሌለው ጋር ሆኖ አሞሌውን እንዲያንቀሳቅስ፣ ከማንቀሳቀሱ በፊት ግን ግምቱን በደብተሩ እንዲጽፍ አዝዛለሁ፤ በማግስቱም መጀመሪያ የማየው ያንን ግምት ነው።