አንድ የምርምር ዕድሜ የማይበቃው ኮከብ፦ ስለ ኤኤቪኤስኦ የመረጃ ማኅደር

ሥራዬ ተርገብጋቢ ከዋክብትን ማጥናት ነው፤ እንደ ሳንባ እያበጡና እየተኮማተሩ ድምቀታቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን። ከእነሱም ውስጥ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለቀያዮቹና ለዘገምተኞቹ፣ የሚራ ዓይነት ለሚባሉት ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ቴሌስኮፕና ብዙ ካሜራ በእጄ አልፏል። ከሁሉም በላይ ባለውለታዬ ግን ማንም ሰው ሳይከፍል የሚጠቀምበት አንድ አገልግሎት ነው፤ የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ታዛቢዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤኤቪኤስኦ፣ በድረ ገጹ ያቆመው የመረጃ ማኅደር።

ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላስረዳ። ሚራ ራሷ አንድ ጊዜ ደምቃ፣ ደብዝዛ፣ እንደገና እስክትደምቅ 332 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ የነበረኝ ጊዜ አራት ዓመት ነበር። ይህም ከአራት ምት፣ ማለትም ከአራት እንዲህ ያለ ዙር፣ ብዙም አይበልጥም! በዚያ ላይ በየዓመቱ ለወራት ከፀሐይ ጋር ስለምትውል አትታይም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትልቅ ተቋም በቴሌስኮፑ ሦስት ሌሊት ፈቅዶልኝ ነበር፤ ሁለቱን ደመና ወሰዳቸው። በአንዷ ሌሊት ያገኘሁት መለኪያ እጅግ ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ኮከቡ ምት የነገረኝ ምንም ነገር የለም። ልቡን ለማዳመጥ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለቅጽበት አሳርፎ የሚያነሣ ሐኪም ምን ሊሰማ ይችላል?

ወደ ማኅደሩ የመራችኝ አማካሪዬ ናት። የኮከቡን ስም አስገባሁ፣ የሚፈለገውን ዘመን መረጥሁ፤ ግራፉ ወጣ። ያ ግራፍ ከእኔ ልደት በፊት የጀመሩ ምቶችን አንድ በአንድ ደርድሮ ያሳይ ነበር። ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ መሥራቹ ዊልያም ታይለር ኦልኮት በሙያው የሕግ ሰው ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጡረተኞች፣ ተማሪዎች በባይኖኩላርና በትንንሽ ቴሌስኮፕ እያዩ የገመቱት ድምቀት ተጠራቅሞ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ምልከታ ሆኗል። የሂፓርኮስ ሳተላይት የሚራ ዓይነት ከዋክብትን ሲለካ፣ በየትኛው ወር የትኛው ኮከብ ለመታየት በቂ ድምቀት እንደሚኖረው የተተነበየው ከዚሁ መረጃ ነበር።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። እያንዳንዱ ምልከታ የታዛቢው መለያ ፊደላት፣ ጊዜውና ድምቀቱ አብረውት ተመዝግበዋል። ጊዜው የሚጻፈው በዩልዮስ ቀን ነው፤ ቀኖችን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተከታታይ የሚቆጥር ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2000 እኩለ ቀን 2451545 ይሆናል። ለጀማሪ ዓይን የሚያደክም ቢመስልም፣ ሁለት ቁጥሮችን በመቀነስ ብቻ የምቱን ርዝመት ማግኘት ሲቻል ጥቅሙ ይገባል።

የኮከብ ካርታ የሚያዘጋጀው ክፍል በጣም የታሰበበት ነው። ድምቀታቸው የታወቀና ተለዋዋጩ ኮከብ የሚመዘንባቸው የማነጻጸሪያ ከዋክብት ድምቀት ያለ ነጥብ ይጻፋል፤ 7.4 የሆነው «74» ተብሎ ነው የሚታየው። ነጥቡ ቢጻፍ ኖሮ በካርታው ላይ ሌላ ኮከብ ይመስል ነበር። ቴሌስኮፕ ምስልን ስለሚገለብጥ ካርታውንም እንደ መሣሪያው ገልብጦ ማውጣት ይቻላል። ይህን ያሰበው ሰው በጨለማ ውስጥ በደበዘዘ ቀይ መብራት ካርታ ያነበበ መሆኑ ያስታውቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መረጃውን ካወረዱ በኋላ ነው። ከቁጥሩ ፊት «<» የሚል ምልክት ያለበት መስመር ታገኛላችሁ። ትርጉሙ «ኮከቡን አላየሁትም፤ ያየሁት ደብዛዛ ማነጻጸሪያ ይህ ነው፤ ኮከቡ ከዚያም ይደበዝዛል» ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ ጽሑፌ ረቂቅ ላይ እነዚህን መስመሮች እንደ መለኪያ ቆጥሬ ስለነበር፣ የኮከቡ ዝቅተኛ ድምቀት ጠፍጣፋ ወለል ያለው መሰለ። በዚያ ወለል ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ምልክቱን በእርሳስ ከብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ቀለም ነው። በዓይን የተገመተው ድምቀትና በካሜራ በማጣሪያ የተለካው ድምቀት ለቀይ ኮከብ አንድ አይሆኑም። ቀይ ኮከብ ላይ ለረጅም ጊዜ ካፈጠጡበት ደግሞ እየደመቀ የሄደ ይመስላል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ታዛቢዎች አሻግረው ፈጥነው ይቃኙታል እንጂ አያፈጡበትም። ሁለቱን ዓይነት መረጃ ሳይለዩ በአንድ ግራፍ ላይ መደባለቅ ያልነበረ ለውጥ ይፈጥራል።

ይህ ማኅደር ለሁሉም ዓይነት ተርገብጋቢ ኮከብ እኩል አይጠቅምም። ሰዎች በዓይን የገመቱት ድምቀት በመካከላቸው በ0.2 ወይም በ0.3 ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ ነው) መለያየቱ የተለመደ ነው። ሚራ ከ6 ማግኒቲዩድ በላይ ስለምትለዋወጥ ይህ አይጎዳትም። ለውጣቸው በማግኒቲዩድ ሺኛ የሚቆጠር የዴልታ ስኩቲ ዓይነት ተርገብጋቢ ከዋክብትን የሚያጠና ሰው ግን ወደ ኬፕለርና ወደ ቴስ የጠፈር ቴሌስኮፖች መረጃ ይሂድ። በአንጻሩ ቴስ አንዱን የሰማይ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚያየው ለ27 ቀን ያህል ነው፤ ያ ደግሞ የሚራን ምት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሸፍንም።

የዚህ አገልግሎት ዋጋ በሙሉ ክብሩ የታየኝ በቲ ኡርሴ ማይኖሪስ ነው። ይህ ኮከብ ለሰማይ የሰሜን ዋልታ ቅርብ ስለሆነ ለብዙዎቹ የሰሜን ታዛቢዎች ዓመቱን ሙሉ አይጠልቅም፤ መዝገቡም በፀሐይ አይቋረጥም። ለአሥርተ ዓመታት በ315 ቀን ገደማ ሲመታ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ምቱ ይፈጥን ጀመር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሩብ በላይ አጠረ፤ የድምቀቱ መዋዠቅም ጠበበ። የዘርፉ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ በኮከቡ ሆድ ውስጥ የሂሊየም ሽፋን በድንገት መቀጣጠሉን ነው። ከዚያ በኋላ ውጫዊው አካል ይኮማተራል፤ የታመቀ ኮከብ ደግሞ ፈጥኖ ይመታል። የከዋክብት ለውጥ በሚሊዮን ዓመታት ይቆጠራል ብለን እያስተማርን፣ እነሆ አንዱ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሲለወጥ ተገኘ። ለውጡን መዝግበው የያዙት እነዚያ ታዛቢዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በብርድ ቆሞ ድምቀቱን የገመተ ሰው የጻፈው ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ይህንኑ ግራፍ ሳሳያት አንዲት ተማሪዬ ወደ አንዱ ነጥብ ጠቆመችና «ዶክተር፣ ይህን ሰው እንዴት ያምኑታል? አንድም ጊዜ አላገኙት» አለችኝ። የዚያን ታዛቢ ምልከታዎች ብቻ በሌላ ቀለም እንድታወጣ ነገርኋት። በግራፉ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተዘረጋ፤ ከሌሎቹ ሁልጊዜ በትንሹ ደመቅ አድርጎ ይገምታል፤ ግን በሃያ ሁለቱም ዓመት ልዩነቱ ያው ነው። ተማሪዬ ለብዙ ደቂቃ ዝም ብላ ተመለከተችው። በማግስቱ የራሷን የታዛቢ መለያ ጠየቀች። አሁን ቲ ኡርሴ ማይኖሪስን በየተራ እንገምታለን፤ በዚህ ሳምንት ተረኛዋ እሷ ናት።