«ሃያ ዓመት ሳይነካ የኖረ» የ1990ዎቹ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት

ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው የተራራ ብስክሌት በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ የተደሰታችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ኮሎራዶ የምትኖሩ ወገኖች፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ባለፈው ግንቦት ቴላዮው፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ በዋይ ፊደል ቅርጽ የተሠራ፣ ቢጫ ቀለሙ ገና የሚያብረቀርቅ ብስክሌት በ380 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ በፈረንጆቹ 1996 የተሠራ መሆኑን፣ በጊዜው ውድ እንደነበረና ከሃያ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ መኖሩን ነገረኝ። አንዱም ውሸት አልነበረም። የተሸወድኩት በእውነት ነው።

ፎርኬላው፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ብረት፣ በመጀመሪያው ቁልቁለት ንቅንቅ አላለም። ማታ ክዳኑን ፈታሁት። የዚያ ዘመን ፎርኬላዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው የሽቦ ሞላም አየርም የለም፤ እንደ ጠርሙስ ቡሽ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ የላስቲክ ቁራጮች ናቸው። በአንደኛው እግር ያሉት ደርቀው በጣቴ መካከል ይፈረፈራሉ፤ በሌላኛው ያሉት ቀልጠው ቡናማ ሙጫ ሆነዋል። በእንጨት እየጫርኩ ሳወጣው አመሸሁ፣ ከእጄ የለቀቀው ግን በማግስቱ ነው። ላስቲክ ብትነዱበትም ባትነዱበትም ያረጃል። «ሳይነካ የኖረ» የሚለው ቃል ለቀለሙ ምስጋና ነው፤ ለላስቲኩ ግን የሞት ማስረጃ ነው።

የኋላው ጉዳይ ደግሞ የእርጅና ሳይሆን የአሠራር ነው። በዚያ ጊዜ በጣም በተስፋፋ አንድ ዓይነት ንድፍ ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ የተተከለው ዋናው ቴላዮ ላይ ሳይሆን ከኋላ ጎማ ጋር በሚወዛወዘው ክንድ ላይ ነው። ጥቅም ነበረው፦ ሞላው ሲሠራ ካቴናው አይወጠርም፣ አይላላም። ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ ስትሞክሩት እንደ ሶፋ ያረግዳል፤ እኔም በሻጩ ደጃፍ የሞከርኩት እንዲሁ ተቀምጬ ነበር። ችግሩ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ክብደታችሁ በሙሉ የሚያርፈው በራሱ በክንዱ ላይ ስለሆነ ሞላው ይዶለድማል። በጣም በምትፈልጉት ሰዓት የለም ማለት ነው። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ የቀረሁት እዚህ ላይ ነው።

የዘመኑን መሐንዲሶች ለመውቀስ አይደለም። ሥራው ገና ሙከራ ነበር። ሞላ ያለው ፎርኬላ የሚሠራው የሮክሾክስ ኩባንያ የመጀመሪያ ፎርኬላ ገበያ ላይ ሲውል የሚሰምጠው 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ1990 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ሄርቦልድ ግን ይኸው ነበረው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ዘዴ ይዞ ተነሣ። ጂቲ የተባለው ብስክሌት አምራች ብቻውን በአንድ አሥርተ ዓመት ውስጥ ሦስት የተለያዩ የኋላ አሠራሮችን አወጣ። ከሞተር ብስክሌት ዓለም የመጣው ሆርስት ላይትነር ያሰበው የኋላ ክንድ መገጣጠሚያ ግን ዕድሜ አገኘ፤ ብስክሌት አምራቹ ስፔሻላይዝድ በ1998 የፈጠራ መብቱን ገዛው፣ ዛሬም በብዙ ብስክሌቶች ላይ ታዩታላችሁ። የቀሩት አብዛኞቹ ከነመለዋወጫቸው ጠፉ።

ኪስ የሚጎዳውም ይህ ነው። የኋላ ሞላዬ ዘይት ሲያፈስ አንድ መካኒክ ወዳጄ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ለካውና ሳቀ። ልኩ ዛሬ የለም። ኩሺኔታዎቹም ሆኑ የፕላስቲክ ቀለበቶቹ የዚያ ሞዴል፣ አንዳንዴም የዚያች ዓመት ብቻ ናቸው። ዲስክ ፍሬን ልግጠም ብትሉ ማሰሪያው የለም። ጎማው ባለ 26 ኢንች ስለሆነ ጥሩ የጎማ ላስቲክ ማግኘት በየዓመቱ እየከበደ ነው። መሪው አጭር፣ ፎርኬላው ቀጥ ብሎ የቆመ በመሆኑ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሰውን ወደ ፊት ሊወረውር ይፈልጋል። እስካሁን ለጥገና 210 ዶላር አውጥቻለሁ፤ ብስክሌቱ አሁንም አይነዳም።

ግድ ካላችሁ ሻጩ ደጃፍ ላይ ይህን አድርጉ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ፤ ካልሰመጠ ወይም ሰምጦ ካልተመለሰ ላስቲኩ ሄዷል። ከዚያ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ተወዛወዙ እንጂ ኮርቻው አያታልላችሁ። በኮርቻው ብድግ አድርጉት፤ ኋላው ኳ ካለ መገጣጠሚያው ተበልቷል። የኋላ ሞላው በሚታሰርበት ቦታ ዙሪያ ብየዳውን በስልካችሁ መብራት ፈትሹ፤ አሉሚኒየም ሲደክም የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፣ ስንጥቅ ያለበትን ደግሞ በነጻም አትውሰዱ። በዋይ ቅርጽ ሁሉ አትደነቁ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሱፐርማርኬቶች የሸጧቸው ከባድ የብረት አምሳያዎችም ዛሬ «የድሮ ዕቃ» እየተባሉ ይቀርባሉ።

ሻጩ ትናንት ሌላ ብስክሌት ለጥፏል፣ ቀይ፣ 450 ዶላር፣ «ሳይነካ የኖረ»። የእኔን ቢጫ ለግድግዳ ጌጥ የሚፈልግ ካለ መጥቶ በነጻ ይውሰድ። ለፎርኬላው ጓንት ይዞ ይምጣ።