ስለ «አደገኛ ሮቦቶች» የዲቪዲ ጥቅል ለገዢዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ የሮቦት ፊልሞችን የምትወዱ ሁሉ፣ «ሙሉ በሙሉ የታደሱ» እየተባሉ በአንድ ሣጥን የሚሸጡ ጥቅሎችን ሳታጣሩ እንዳትገዙ አሳስባለሁ። እኔ ስምንት ፊልሞች የያዘ ጥቅል በ40 ዶላር ገዝቼ ሣሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም።

በሽፋኑ ላይ ራሷን የሳተች ሴት የታቀፈ ግዙፍ ሮቦት ተስሏል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1956 ከወጣው «ፎርቢደን ፕላኔት» ፖስተር የተቀዳ ሲሆን ፊልሙ ራሱ ግን በጥቅሉ ውስጥ የለም። በነገራችን ላይ ዋናው ፖስተርም ቢሆን እውነተኛ አልነበረም፤ ሮቢ የተባለው ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ ሆኖ የተሠራ ታዛዥ አገልጋይ እንጂ ሴት ጠላፊ አይደለም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ «ጎግ» ነው። በምድር ሥር በሚገኝ ምስጢራዊ የምርምር ጣቢያ ጎግና ማጎግ የተባሉ ሮቦቶች በሰው ላይ የሚነሡበት ይህ የ1954 ፊልም በቀለምና በ3ዲ፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ዓይን በተለያዩ ሁለት ምስሎች፣ የተቀረጸ ነው። ለግራ ዓይን የተዘጋጀው ቅጂ ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ ቀለሙ ደብዝዞ ተገኝቶ፣ በብዙ ድካም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከዲቪዲ ይልቅ ጥራት ባለው የብሉ ሬይ ዲስክ ወጥቷል። እኔ የደረሰኝ ግን ጥቁርና ነጭ ከመሆኑም በላይ የምስሉ ጎንና ጎን ተቆርጦ፣ ተናጋሪው ከምስሉ ውጭ ቀርቶ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ቅጂ ነው።

ለሻጩ ስጽፍለት «የድሮ ፊልም እንዲህ ነው» አለኝ። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ የፊልሙ ድህነትና የቅጂው ጉድለት አንድ አይደሉምና። «ታርጌት ኧርዝ» የተባለው ፊልም ሠሪዎች የነበራቸው አንድ የሮቦት ልብስ ብቻ ስለነበር ወራሪው ሠራዊት አንድ በአንድ ብቅ ይላል፤ «ሮቦት ሞንስተር» ላይ ደግሞ ባለታሪኩ የጎሪላ ቆዳ ለብሶ የጠላቂ ቆብ የደፋ ሰው ነው። እነዚህን በሻጩ አላሳብብም፤ እንዲያውም የምወዳቸው ለዚህ ነው። የተቆረጠ ምስልና የሚያስተጋባ ድምፅ ግን የፊልሙ እድሜ ያመጣው አይደለም።

ከ1964 በፊት በአሜሪካ የወጣ ፊልም የቅጂ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ ማንም እንዲያባዛው ሕጉ ይፈቅድ ስለነበር፣ አንዳንዶቹን ቀድቶ መሸጥ በራሱ ወንጀል ላይሆን ይችላል። ያልታደሰውን ምስል ታድሷል ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እድሳቱን ማን እንደሠራውና ከየትኛው ቅጂ እንደተወሰደ ጠይቁ፤ ከፖስተሩ ሳይሆን ከዲስኩ የተነሣ ምስል እንዲልኩላችሁም አድርጉ። ማሸጊያውን ከመክፈታችሁ በፊት የመመለሻ ደንቡን አንብቡ፤ እኔ ከከፈትኩ በኋላ ሻጩ አልቀበልም ብሎኛል። በካርድ ስለከፈልኩ ለባንኬ አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው፤ ሣጥኑንም ለማስረጃ አስቀምጬዋለሁ።