ጎግል ትራንስሌት ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው፦ በ«ጋር» ሲፈተን

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ የትርጉም መተግበሪያን ለመፈተን ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ «ጋር» ትበቃለች። በአማርኛ «ከእኔ ጋር» የምንላት ናት። በሐረሪ ቤት ማለት ናት፤ ጀጎል ውስጥ «ጌይ ጋር» ሲባል መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ያጌጠው ባህላዊ ቤት ነው። በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ናት፤ ለገሃር የተባለው ከዚያ ተወስዶ ነው። በሶማሊኛ «ልዩ» ወይም «የግል» ትሆናለች። አፋን ኦሮሞ ውስጥ ደግሞ አናባቢ እየጨመረች ብዙ ቦታ ትገባለች።

መተግበሪያው ሶማሊኛን እ.ኤ.አ. በ2013፣ አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 አስገብቷል። ሐረሪ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፣ መስተካከልም አለበት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቃል ሲገባለት ማሽኑ በሚያውቀው ቋንቋ ሊያነበው ይሞክራል፤ «ጋር» ደግሞ በአማርኛ ትርጉም ስላላት ስህተቱ ስህተት አይመስልም። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የምታሳድሩ ሰዎች «ጌይ ጋር»ን እንደ ስም እንዳለ ተዉትና «ባህላዊ የሐረሪ ቤት» የሚለውን አስተርጉሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፋን ኦሮሞ ላይ ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የአናባቢ መደገም ትርጉም ይለውጣል። ሁለቱም አናባቢ ነጠላ ሲሆን «ገራ» «ወደ» ማለት ነው፤ የመጨረሻው ሲደገም ሆድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ብቻ ሲደገም ተራራ ነው፣ ጋራ ሙለታ እንደምንለው። «ጋሪ» የሚለው ደግሞ ሁለቱም አናባቢዎቹ ተደግመው ሲጻፉ ጥሩ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ፈረስ የሚጎትተው ነው። ቁቤ በትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው ስልኩ ላይ ሁሉንም በነጠላ አናባቢ ይጽፋል፤ ሆዱን ያመመው ሰው መልእክት «ወደ» ተብሎ ቢመጣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። በአማርኛ ፊደል ጽፎ ማስገባትም አያድንም፣ ምክንያቱም «ወደ» እና «ሆድ» ያው «ገራ» ሆነው ይጻፋሉ። ለመድኃኒት ቤት ጉዳይ የሚሻለው «ሆዴን ያመኛል» ብሎ በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ወደ አፋን ኦሮሞ መውሰድ ነው።

ሶማሊኛ ቀለል ይላል። «ጋር» ብቻዋን አትጻፍ፤ «ቆል ጋር አህ» ተብላ፣ በላቲን ፊደል፣ «የግል ክፍል» ሆና ስትገባ ማሽኑ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ገበያም ሆነ ቀፊራ ከሶማሊኛ ተናጋሪ ጋር የምትገበያዩ፣ ዕቃውን፣ ብዛቱንና ዋጋውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ ቁጥሩን በአኃዝ ጻፉት።

ፈረንሳይኛው ላይ ችግሩ ከትርጉም በኋላ ነው የሚመጣው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዳ ጣቢያ ሲል ለባጃጁ «ለገሃር» ብላችሁ ከነገራችሁለት፣ ቀዚራ ሰፈር፣ አሮጌው ጣቢያ ይደርሳል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የገባው እዚያ ነበር፤ የዛሬው የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ ጣቢያ ነው። ስለዚህ «አዲሱ ባቡር ጣቢያ» ብላችሁ ጻፉ።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን፦ ቋንቋውን ራሱ እንዲለይ አትተዉት። ሦስት አራት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ለመለየት የምትበቃ ፍንጭ አትሰጥም፤ ሶማሊኛ፣ አፋን ኦሮሞና ፈረንሳይኛ ፊደላቸው አንድ ነውና። መነሻውንም መድረሻውንም በእጅ ምረጡ፣ ከዚያ ቢያንስ አምስት ስድስት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ውጤቱን መልሶ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን የተዛባው ቃል ሲመለስም ያንኑ መንገድ ይዞ ትክክል መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ሰላምታ፣ ዋጋ መጠየቅና አቅጣጫ ላይ፣ ነፃ ከመሆኑ ጋር፣ በደንብ ያገለግላል። የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና የመድኃኒት መጠን ላይ ግን ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው አትፈርሙ፣ አትዋጡ።