ጎንበስ ያለውና ቀና ያለው፦ ሁለት የድሮ ወደብ ሥዕሎች

ኮምቦልቻ ባሕር የላትም፤ ደረቅ ወደብ ግን አላት። ጫኝና አውራጆች ትከሻቸው ላይ ማዳበሪያ ጣል አድርገው ሲያራግፉ ያየ ሰው፣ የድሮ የአውሮፓ ወደብ ሥዕሎችን ማንበብ አይከብደውም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቬርኔ የአገሩን ወደቦች እንዲስል በ1753 እ.ኤ.አ. ታዘዘ። ያዘዘው የንጉሥ ሉዊ 15ኛ መንግሥት ነው። 15 ሥዕሎች ሠራ፤ እነሱም በመዳብ ላይ ተቀርጸው ታተሙ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊስለር ደግሞ በ1859 እ.ኤ.አ. የለንደኑን የቴምዝ ወንዝ ዳርቻ እዚያው ሰንብቶ በመዳብ ላይ ቀረጸው።

ቬርኔ ጋ ሁሉም አለ። ባርኔጣ ያጠለቀ ጌታ፣ ቀሚሷ የተንዘረፈፈ እመቤት፣ ከሸክም ጋር የሚታገል ተሸካሚ። እኔ መጀመሪያ የማየው ወገብ ነው። ማን ቀና ብሎ ያወራል? ማን ጎብጧል? ቀጥሎ እጅ፦ ባዶ ነው ወይስ ገመድ ይዟል? ማኅበራዊ መደቡ ወለል ብሎ ይታያል። ላቡ ግን አይታይም። ወደቡ የንጉሥ ኩራት ነውና ሸክሙም አምሮበታል።

ዊስለር ጋ ጌታ የለም። «ብላክ ላየን ዋርፍ» በተባለው ሥራው አንድ የወደብ ሰው ከፊት ቁጭ ብሏል፣ ትልቅ ሆኖ። ከኋላው ያረጁ መጋዘኖች፤ ሳንቃቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእኛዎቹም በኮንቴይነር ጥላ ሥር እንዲሁ ነው አረፍ የሚሉት። ሆኖም ማን እንደሚቀጥረው፣ ትርፉ የማን እንደሆነ ሥዕሉ አይነግረንም።

ስለዚህ ለተማሪ መደብን ላሳይ ብል ቬርኔን አስቀድማለሁ። ሠራተኛውን እንደ ሰው ለማየት ግን ዊስለርን የሚያህል የለም። ቤቴ ግድግዳ ላይ የምሰቅለውም እሱን ነው።