የአኒሜ ብሉሬይ ሣጥን፦ ለመደርደሪያ 9፣ ለማየት 4

እጄ የገባው የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ብሉሬይ ሣጥን ነው፤ ብሉሬይ ማለት ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለው ዲስክ ነው። ሣጥኑ ያምራል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ወፍራም ካርቶን ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ሥዕል በጣት ሲነካ ጎላ ጎላ ይላል፣ ውስጡም የሥዕል መጽሐፍና ፖስትካርድ አለው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ አምጪልኝ ብዬ ያስመጣሁት ነው። ድሬ ላይ ኦሪጅናል የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ጉዱ። ታሪኩ 24 ክፍል ነው፣ የተሸጠልኝ ግን 12 ብቻ። ሣጥኑ ግማሹ ባዶ ነው አቦ! ክፍተቱን በነጭ ካርቶን ሞልተውታል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ሌላ ጊዜ ገዝተህ እዚያ ትሰካለህ። ረከቦቱን ዛሬ፣ ሲኒውን በዓመቱ እንደማለት ነው። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በዲቪዲ ዘመን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንድ ዲስክ ላይ ሦስት አራት ክፍል እያደረጉ በ30 ዶላር ገደማ ይቸበችቡ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዲስክ ከባዶ ሣጥን ጋር የሚሸጡበት ጊዜም ነበር፣ ሣጥኑን ላለማጉደል ስትል ሁሉንም ትገዛለህ። ጃፓኖቹማ ባሰባቸው። ብዙ ጊዜ በአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከ6,000 እስከ 8,000 የን ይደርሳል። እነሱ ዲስኩን የሚያዘጋጁት ለቀንደኛ ሰብሳቢ ነው፤ ተራው ተመልካች በቴሌቪዥን አይቶት ጨርሷል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ዲስኩ ራሱ ነው። ሰፈር ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ወስጄ ከተትኩት፣ «ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይጫወትም» የሚል ነገር አወጣ። የሣጥኑን ጀርባ ገልብጬ ሳይ፣ ጥግ ላይ ባለ ስድስት ጎን ምልክት ውስጥ ኤ የምትል ፊደል አለች። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ምድብ (ሪጅን) ይከፍላል፤ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ፣ ቻይናና ሩሲያ ሲ ናቸው። እኛ አገር ያሉት ፕሌይስቴሽኖች ደግሞ ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የገቡ ናቸው፣ እነሱም ቢ። ጌሙ ከየትም ቢመጣ ይሠራል፣ ፊልሙ ግን አይሠራም።

አሜሪካና ጃፓን አንድ ምድብ መሆናቸው ሌላም ጣጣ አለው። የጃፓን ሰው ርካሹን የአሜሪካ ዲስክ ገዝቶ የራሱን ውድ ዲስክ እንዳይተው የጃፓን ኩባንያዎች ስለሚፈሩ፣ አንዳንዱ ዲስክ ላይ በጃፓንኛ ስታዳምጥ የእንግሊዝኛውን ሳብታይትል ማጥፋት አትችልም። ለእኔ ግድ የለም፣ ያለ ሳብታይትል አላይም። ግን አስቡት፣ የከፈልክበትን ዕቃ ሪሞት ሲቆልፉብህ።

ሣጥኑ ውስጥ የዲጂታል ቅጂ ኮድ ያለበት ወረቀት ካገኛችሁ ብዙ አትደሰቱ። ፈኒሜሽን የሚባለው የሶኒ አኒሜ አከፋፋይ ከዲስኮቹ ጋር እንዲህ ያለ ኮድ ይሰጥ ነበር። ሶኒ በ2021 ሌላውን የአኒሜ ማሳያ አፕ፣ ክራንቺሮልን፣ ገዝቶ ሁለቱን ካዋሃዳቸው በኋላ የፈኒሜሽን አፕ ሚያዝያ 2024 ላይ ተዘጋ፣ ሰዉ በኮድ ያስመዘገበው ቅጂም ወደ ክራንቺሮል ሳይዛወር ቀረ። ዲስኩ በእጁ ያለ ሰው ተረፈ። ስለዚህ ዲስክ መግዛት ሞኝነት ነው ለሚሉኝ ጓደኞቼ ይቺን እጠቅስላቸዋለሁ።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ፍላሽ ላይ ከሚጭኑት ልጆች ጋር ላወዳድረው? እነሱ ጋ 24ቱም በአንድ ፎልደር ይገባል፣ ሪጅን የሚባል ነገር የለም፣ ዋጋውም የሻይ ነው። ግን ክፍል 7 ሁለት ጊዜ ይጫንልህና 8 ይጠፋል፣ ሳብታይትሉ ከንግግሩ ይዘገያል፣ የሠሩት ሰዎችም ሳንቲም አያገኙም። ምስሉንማ አታነጻጽሩት። ያገሬ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የውጭ ብሉሬይ ማጫወቻ አገናኝቶ፣ ሪጅኑን በሶፍትዌር አልፎ ሁለት ክፍል አሳይቶኛል፤ ጨለማው ትዕይንት ላይ ፍላሹ ላይ ጥቁር ጭቃ የነበረው ቦታ ውስጥ ሰው ቆሞ ነበር!

ለማስመጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አሜሪካ ያለውን ዘመድ ተዉትና ለንደን ያለውን ጠይቁ። እንግሊዝ የሚታተመው ዲስክ እንደኛው ቢ ነው፣ እዚያ አኒሜ ሊሚትድን የመሳሰሉ አሪፍ ሣጥን የሚሠሩ አከፋፋዮች አሉ። ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ፊደሏንና የክፍሎቹን ብዛት እዩ። የእኔን 12 ክፍል መግዛት የሚፈልግ ካለም ያናግረኝ፣ ነጩን ካርቶን በነፃ እጨምራለሁ።